ቅንጣት በቅንጣት

አዋሽ ሰባት ኪሎ የደረሰ መንገደኛ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይገዛል፣ ስልኩን ያወጣል። እኔም ወደ ሰመራ ስሄድ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ፣ በ90 ቀን ሕልማችንን እንደምንኖር ቃል የሚገባ ቪዲዮ መጣልኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ፣ እንቅልፍ ቀንሱ፣ ላባችሁን አፍስሱ ይላል። ላብ እንኳ አዋሽ ላይ ቁጭ ብሎም ይፈሳል!

ሕልም የሚጠይቀውን ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ይሄው መንገድ ጥሩ ታሪክ አለው። አስፋልቱን ይዛችሁ ወደ ሚሌ ስትወርዱ የአዋሽ ወንዝም በዚያው ሸለቆ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ድንቅነሽ (ሉሲ) የተገኘችበት ሃዳር እዚያ ነው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ዲኪካ አለ።

ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የአክሱም ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተማሩ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሠሩ፣ ዶክትሬታቸውን ፓሪስ ያዙ። ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን የምርምር ቡድን ይዘው ዲኪካ ገቡ። እዚያ ሥራ ማለት አንገት ደፍቶ በፀሐይ መሬት መሬት እያዩ መሄድ ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. የቡድኑ አባል ጥላሁን ገብረሥላሴ ከአንድ ተዳፋት ላይ ትንሽ ፊት አየ። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ሕፃን ነበረች። "ሰላም" ተባለች። ዕድል የለበትም አልልም፤ በዚያ ምድር አጥንትን የሚያወጣውም፣ ካልደረሱበት የሚያጠፋውም ጎርፍ ነው።

ቪዲዮ ቢሆን እዚህ ጋ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያልቅ ነበር። ዋናው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። አብዛኛው የሰላም አካል እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሯል። ዘረሰናይ አዲስ አበባ ሙዚየም ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሰው፣ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት ማንሳት ያዙ። ሰላም ለዓለም ይፋ የሆነችው መስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። ወደ ስድስት ዓመት ማለት ነው! ያኔም ድንጋዩ ገና ተነቅሶ አላለቀም።

እኔን የሚገርመኝ የዓመቱ ብዛት ብቻ አይደለም። መሰርሰሪያውን የያዘ እጅ ቀጥሎ ምን እንደሚያገኝ አያውቅም። ድንጋዩ ውስጥ ስስ የትከሻ አጥንቶች ነበሩ፤ የጎድን አጥንቶች ነበሩ፤ ከምላስ ሥር የምትገኝ አንዲት ትንሽ አጥንትም ነበረች። በሰላምና በድንቅነሽ ዝርያ ይህቺ አጥንት ከዚያ በፊት ተገኝታ አታውቅም። አንድ ቀን ቸኩሎ ትንሽ ጠለቅ አድርጎ መሰርሰር ይበቃ ነበር፤ መጥፋቷን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

"ጠንክሮ መሥራት" ሲባል እኛ የምናስበው ሩጫ ነው፤ እንቅልፍ ማጣትን ቆጥረን ፖስት እናደርጋለን። እዚህ ግን ጥንካሬው እጅን መያዝ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ብቻውን የሚሆን ነገርም አይደለም፤ አብረው በፀሐይ የተጓዙ አሉ፣ የመሥሪያ ቦታ የሰጠ ሙዚየም አለ። "ማንንም ሳትጠብቅ" የሚሉት ሰዎች ይሄን ይዘሉታል።

የሰላም የትከሻ አጥንቶች ጥናት የታተመው ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ነው፤ የአከርካሪዋ ደግሞ ግንቦት 2009 ዓ.ም.። እሷ ስትገኝ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እየፈለገ ነበር።