የዓባይ ልጅ ውሃ እንዳይጠማው
በሙቀት ወራት ለልጆቻችን ምን እናጠጣ?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በባሕር ዳር ሲነገር ከተረትነቱ ያልፋል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ረጅም ጉዞውን የሚጀምረው በዚሁ ከተማ አጠገብ ነው። ሆኖም በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ከሐይቁ ጥቂት ርምጃ ርቀው የሚኖሩ ልጆች ከንፈራቸው ደርቆ፣ ራሳቸውን እያመማቸው ሲውሉ ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የውሃ መጥፋት ብቻ ሳይሆን፣ ንጹሕ ውሃ ተዘጋጅቶ በልጁ እጅ አለመገኘቱ ነው። በምትኩ በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ስኳር የበዛበት መጠጥ ነው።

ልጅ ከዐዋቂ ይልቅ ለሙቀት የተጋለጠ ነው። ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ከትልቅ ሰው ስለሚበልጥ፣ የውጭው ሙቀት ቶሎ ያገኘዋል። ከዚህም በላይ በጨዋታ የተጠመደ ልጅ ጥማቱን ይረሳል። ስለዚህ «ሲጠማው ይጠይቃል» ብሎ መተው አይበቃም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያጠጣው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያስፈልገዋል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆነው ልጅ በቀን 1.6 ሊትር፣ ከ9 እስከ 13 ዓመት ለሆነች ልጃገረድ 1.9 ሊትር፣ ለወንዱ ደግሞ 2.1 ሊትር ውሃ መድቧል። በዚህ ልክ ውስጥ ከወጡና ከፍራፍሬው የሚገኘው ውሃ ጭምር ይቈጠራል። ልኩ የተሰጠው ግን መካከለኛ ለሆነ አየር ስለ ሆነ፣ ፀሐይ ሲበረታ ከዚህ ከፍ ማለት አለበት።

በትምህርት ቤት ያለውን ሁኔታ በየቀኑ የምናየው እኛ መምህራን ነን። ተማሪው ጧት ሻይ በዳቦ ቀምሶ ይወጣና እስከ ቀትር አንድ ጕንጭ ውሃ ሳይጠጣ ይቈያል። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ራሱን በዴስኩ ላይ ሲደፋ ስንፍና ይመስለናል፤ ነገር ግን ጥማት የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንዳንድ ልጃገረዶች ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ሲያጣ ወይም በሩ አልዘጋ ሲል፣ ወደዚያ ላለመሄድ ሲሉ ዐውቀው ውሃ ይተዋሉ። እንግዲህ ለልጁ ኮዳ የሚገዛ ወላጅ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ የመጸዳጃውንም ነገር ቢያነሣ ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ወደ ጣፋጩ መጠጥ እንመለስ። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ምክር፣ ተጨማሪ ስኳር ከቀኑ ምግብ ኀይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ5 እጅ በታች እንዲሆን ያሳስባል። በቀን 1,400 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 10 እጁ 35 ግራም፣ 5 እጁ ከ18 ግራም ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ለስላሳና ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ስኒ ሻይ ከፍተኛውን ልክ ያልፋሉ ማለት ነው። ጕዳቱ ጥርስ በማበላሸት ብቻ አይቀርም፤ ሆዱን ለያዘው ልጅ ብዙ ስኳር ውሃን ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያብሳል።

ከሁሉ የሚሻለው መጠጥ ንጹሕ ውሃ ነው። ጣና ሰፊ ነው ተብሎ የሐይቁ ውሃ እንዲሁ አይጠጣም፤ ተቅማጥ ያመጣና ልጁ ከጠጣው የበለጠ ያስወጣዋል። በባሕር ዳር ከፍታ፣ ማለት 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ግን ሦስት ደቂቃ ይፈላ። ከዚያም ታጥቦ በደረቀ፣ ክዳን ባለው የሸክላ ገንቦ ይቀመጥ። ሸክላው ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ እያሳለፈ ስለሚያተነው፣ የቀረው ያለ በረዶ ቤት ይቀዘቅዛል። ውሃው ይንቈርቈር እንጂ ኩባያ አይነከርበት።

ውሃ ብቻ የሰለቸው ልጅ እንደ ሆነ፣ እናቶቻችን ለዐቢይ ጾም የሚያዘጋጁት ተልባና ሱፍ አለ። ተልባው ተቈልቶ ተፈጭቶ፣ ሱፉም ተወቅጦ በውሃ ተመትቶና ተጣርቶ ሲቀርብ፣ ስኳር ሳይገባበት ይጣፍጣል። ጥቂት የዘጌ ሎሚ በውሃ ጠብ ማድረግም ይቻላል። ማንጎና ፓፓያ ግን ከስኳር ጋር ተጨምቀው ከሚጠጡ ይልቅ እንዳሉ ቢበሉ ይሻላል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የለመደ ልጅ በአንድ ቀን አይተወውም፤ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስለት ሳይታወቀው ይለምዳል።

ብርዝና ቀሪቦ የአገር መጠጥ ቢሆኑም ጣፋጭ ናቸውና ለበዓል ይቈዩ። ጠላ የቱንም ያህል ቢቀጥን አልኮል አለበት፤ የቡናው በረካም ለልጅ አይሆንም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም ዐይነት አይሰጥም፤ ብርቱ መርዝ የሚያመጣ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላልና። ከስድስት ወር በታች ላለው ሕፃን ደግሞ በሙቀት ጊዜም ቢሆን ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ከእናቱ ጡት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃል።

ልጁ ሽንቱ ከቀላ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ዐይኑ ወይም የሕፃኑ እርግብግቢት ከጐደጐደ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል። ተቅማጥ ካለበት በተለምዶ «ለምለም» የሚባለውን የንጥረ ነገር ዱቄት፣ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይገባል። ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ይህ ዱቄት መድኃኒት ነውና ለጤነኛ ልጅ የዘወትር መጠጥ አይሁን።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ማታ ውሃ አፍልቶ ማሳደር፣ ጧት ልጁ ከቤት ሳይወጣ አንድ ብርጭቆ ማጠጣት፣ ኮዳውን ሞልቶ ማስያዝ፣ ሲመለስም ኮዳው ባዶ መሆኑን ማየት ነው። ያልጐደለ ኮዳ ይዞ ለተመለሰ ልጅ ከቍጣ በፊት «ለምን አልጠጣህም?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱ ወላጅንም መምህርንም የሚመለከት ሊሆን ይችላልና።