ለጋ ቀይ ወይን ጠጅን የመመዘኛ ቃላት፦ ስለ «ሻካራ»፣ «ደረቅ» እና «ጥሬ»

ስለ ወይን ጠጅ ቅምሻ ከውጭ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የተመለሱ ጽሑፎችን ስንመረምር አንድ ስሕተት ደጋግሞ ያጋጥመናል። በምንጩ ቋንቋ «ይህ ወይን ጠጅ ገና ለጋ ስለ ሆነ ታኒኑ አፍን ይይዛል፤ ወደ ፊት ግን ይለዝባል» የሚል መልእክት ያለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛው «ወይን ጠጁ መራራና ጎምዛዛ ነው» ሆኖ ይገኛል። ጸሐፊው ተስፋ የጣለበትን መጠጥ ተርጓሚው ነቅፎታል ማለት ነው። ለስሕተቱ ምክንያት የአማርኛ የቃላት ድህነት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ቃላቱ በቋንቋችን ውስጥ መኖራቸውን፥ የጎደለው እያንዳንዱን በየቦታው የማዋል ጥንቃቄ መሆኑን ነው።

፩. የቅምሻው ሥርዐት

ለምሳሌ የፈረንሳይን የቦርዶ አካባቢ እንውሰድ። በዚያ ቀይ የወይን ፍሬ በአብዛኛው በመስከረምና በጥቅምት ይለቀማል። ጭማቂው ከነልጣጩ ከፈላ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከባሉጥ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። በተከታዩ መጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ግድም ነጋዴዎችና ሐያስያን ከየበርሜሉ የተቀዳውን ናሙና ይቀምሳሉ። መጠጡ በጠርሙስ የሚታሸገው ግን ከለቀማው በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቀማሹ ዛሬ በአፉ ከያዘው ተነሥቶ ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ይፈርዳል፤ ገዢውም ይህን ፍርድ አምኖ ገና ያልታሸገውን መጠጥ ይገዛል። አንድ ቃል ከቦታው ቢዛወር የሚጎዳው ሰው አለ።

ቀማሹ በመጀመሪያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ የመጠጡን ጠርዝ ያያል፤ ቀጥሎ ያሸታል፤ በመጨረሻም ጥቂት ወደ አፉ ወስዶ ካገላበጠው በኋላ ይተፋዋል። ለዚህ ተግባር አማርኛ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻውም። የቡና ሙያተኞች «ቅምሻ» እና «ቀማሽ» የሚሉትን ቃላት ለተመሳሳይ ሥራ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቀለሙን ስንገልጽ ነው። «ወይን ጠጅ» በአማርኛ ራሱ የቀለም ስም ስለ ሆነ «ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው» ብንል ምንም አልተናገርንም። የለጋው ጠርዝ ወደ ሐምራዊ፥ የቆየው ጠርዝ ወደ ጡብ መልክ ያደላልና በእነዚህ ስሞች መለየት ይገባል።

፪. ጣዕምና ንክ

ታኒን በወይኑ ልጣጭ፣ በዘሩና በዘለላው እንጨት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ ከበርሜሉም እንጨት ጥቂት ይጨመራል። ወደ አፍ ሲገባ በምራቅ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ምራቅ የማለስለስ ኀይሉ ስለሚቀንስ ምላስና ድድ እርስ በርሳቸው ሲተሻሹ ይሻክራሉ። ወፍራም ሻይ የጠጣ ወይም ያልበሰለ ሙዝ የገመጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። እንግዲህ ምሬት በምላስ የሚለይ ጣዕም ሲሆን ይህ ስሜት በዋናነት የንክ ስሜት ነው። «ጎምዛዛ» የሚለው ቃል ደግሞ ለሎሚም ላልበሰለ ፍሬም ስለሚነገር አሲዱንና ታኒኑን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

አማርኛ ጣዕምን ከንክ አይለይምን? ይለያል። «የላመ የጣመ» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ልብ ይሏል። «የጣመ» የሚለው ለምላስ ሲሆን «የላመ» የሚለው ከወፍጮ የመጣ የንክ ቃል ነው፤ የላመ ዱቄት ይባላልና። የወይን ጠጅ ቀማሾችም ስለ ታኒን ሲናገሩ ልክ እንደ ዱቄት ሻካራና ደቃቅ እያሉ ይለዩታል። ስለዚህ በታኒን ረገድ «ሻካራ» እና «የላመ» ጥንድ ተቃራኒዎች ሆነው ቢያገለግሉ ከሙያውም ከቋንቋውም ጠባይ ጋር ይስማማል። ጠቅላላው ስሜት «አጨማዳጅነት» ቢባል ተስማሚ ነው፤ ፊት ሲጨማደድ ያየ ሁሉ ይረዳዋል።

፫. የጠጅ ቤቱ ሥርዐተ ቃላት

ተርጓሚዎች አጨማዳጅነትን «ደረቅ»፥ ተቃራኒውን «ለስላሳ» ሲሉ እናያለን። አፍ የሚደርቅ መስሎ ስለሚሰማ ቃሉ በመጀመሪያ ሲታይ የሚገጥም ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ቃላት ባለቤት አላቸው። በጠጅ ቤት «ደረቅ» የሚባለው ማሩ በፍላት ያለቀና የበረታ፥ «ለስላሳ» የሚባለው ጣፋጭና ቀለል ያለ ጠጅ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውም «መካከለኛ» ይባላል። በወይን ጠጅም ስኳሩ በፍላት ያለቀው በየአገሩ ቋንቋ «ደረቅ» በሚል አቻ ይጠራልና በዚህ ረገድ የእኛ ቃል ከዓለም አቀፉ ልማድ ጋር በደንብ ይገጥማል። ታኒኑ የላመውን ወይን ጠጅ «ለስላሳ» ያልነው እንደ ሆነ ግን አንባቢው ጣፋጭ ነው ብሎ ይረዳል፤ አልፎም አልኮል የሌለበት መጠጥ ሊመስለው ይችላል። በመሆኑም «ደረቅ» እና «ለስላሳ» ለስኳር መጠን ብቻ ሊወሰኑ ይገባል።

፬. «ለጋ» እና «ጥሬ»

የቀማሹ ከባድ ጥያቄ የሻካራነቱ ምንጭ ምንድን ነው የሚለው ነው። ፍሬው በሚገባ በስሎ ከተለቀመ ታኒኑ በዓመታት ውስጥ እርስ በርሱና ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይለዝባል፤ ከፊሉም ዝቃጭ ሆኖ ከጠርሙሱ በታች ይቀራል። ፍሬው ሳይበስል የተለቀመ እንደ ሆነ ግን ጊዜ ብቻውን አያቃናውም። አማርኛ ለሁለቱ ሁለት ቃላት አሉት፦ «ለጋ» ዕድሜን ይናገራል፤ «ጥሬ» ብስለት ማጣትን ይናገራል። «ጉሽ» ግን ገና ያልጠራውን ጠላ የሚመለከት ስለ ሆነ እዚህ አይገባም፤ ለጋ ወይን ጠጅ የጠራም ሊሆን ይችላልና።

ስሜትንና ፍርድን መለየት ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ የ1982 (እ.ኤ.አ.) የቦርዶ ምርት ያስረዳል። ዓመቱ ሙቀት የበዛበት፥ ፍሬውም በሚገባ የበሰለበት ነበር። በ1983 ጸደይ ከበርሜል ሲቀመስ አሜሪካዊው ሐያሲ ሮበርት ፓርከር ታላቅ ምርት ነው ብሎ አወደሰው። ሌሎች ደግሞ አሲዱ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ አይበረክትም ብለው ተጠራጠሩ። የዓመቱ ታላላቅ ወይን ጠጆች ለዐሥርት ዓመታት በርክተው የፓርከርን ፍርድ አጸኑለት። ከአንድ ስሜት ሁለት ፍርድ ሊወጣ የሚችል ከሆነ ተርጓሚው ፍርዱን በስሜቱ ስም ውስጥ ደብቆ ማስገባት የለበትም። አን ኖብልና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት የመዓዛ ቃላት መንኰራኩርም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው፦ ቃላቱ የሚሸተውን ይሰይማሉ እንጂ ውዳሴም ነቀፌታም አይደሉም።

፭. የስያሜ ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተመለከተው መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

ሀ) ታኒን፦ የንጥረ ነገሩ ስም፤ እንዳለ ይወሰድ።
ለ) አጨማዳጅነት፦ ታኒን በአፍ ውስጥ የሚያሳድረው ጠቅላላ ስሜት።
ሐ) ሻካራ / የላመ፦ የታኒን ንክ።
መ) ደረቅ / ለስላሳ፦ የስኳር ማነስና መኖር።
ሠ) ለጋ / ጥሬ፦ የዕድሜ ማነስ / የፍሬ አለመብሰል።
ረ) አሲድነት፦ «ኮምጣጣ» የሚለው ቃል መጠጡ ወደ ኮምጣጤ የተለወጠ ስለሚያስመስል።
ሰ) ቀሪ ጣዕም፦ ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ በአፍ የሚቈየው።

ጉዳዩ ለትርጉም ሥራ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በዝዋይ አካባቢ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ካስተከለው ወይን የተጠመቀ ወይን ጠጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ወይኑን በሚያለሙና በሚጠምቁ፣ በሚሸጡና በሚጠጡ ሰዎች መካከል በአማርኛ መግባባት ግድ ሆኗል። በመግቢያችን የጠቀስነውም ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሊመለስ ይችል ነበር፦ «ወይን ጠጁ ደረቅና ለጋ ነው፤ ታኒኑ ዛሬ ሻካራ ቢሆንም ጥሬ ስላልሆነ ሲቈይ ይልማል።»