በአየር የሚተኩስ የቀርቀሃ ጠመንጃ

በጃፓን ልጆች ዘንድ «ካሚ ደፖ»፣ ማለትም የወረቀት ጠመንጃ፣ እየተባለ የሚጠራው መጫወቻ ከቁራጭ ቀርቀሃ የሚሠራ ሲሆን፣ ባሩድም ሆነ ሞላ ሳያስፈልገው፣ በውስጡ በሚታመቀው አየር ብቻ በውኃ የራሰ የወረቀት ድቡልቡል «ጧ» በሚል ድምፅ አስፈንጥሮ ይወረውራል። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከሁለቱም ወገን ክፍት የሆነ ቱቦ፣ ሌላው እጀታ ያለው መግፊያ ዘንግ ነው። እንዲህ ቀላል ቢመስልም፣ ከአንድ ቀርቀሃ በአንድ ቢላዋ ከተሠሩ ሁለት መጫወቻዎች አንዱ ጥርት ያለ ድምፅ እያሰማ ጥይቱን አርቆ ሲወረውር፣ ሌላው አየሩን በጎን አሹልኮ ጥይቱን እግር ሥር ሊጥለው ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የተኳሹ ጉልበት ሳይሆን አየሩ ማምለጫ ማጣቱ ነው፤ የመጫወቻው ሙያም ከሞላ ጎደል ይህን ማምለጫ የመዝጋት ሙያ ነው ለማለት ይቻላል።

ሲተኮስ በመጀመሪያ አንድ ውታፍ፣ ማለትም የቱቦውን ቀዳዳ ግጥም አድርጎ የሚዘጋ የራሰ ወረቀት፣ በኋለኛው አፍ ይገባና በዘንጉ ቀስ እየተባለ ተገፍቶ እስከ ፊተኛው አፍ ይደርሳል። ቀጥሎ ሁለተኛ ውታፍ በኋለኛው አፍ ሲወተፍ በሁለቱ መካከል ያለው አየር መውጫ ያጣል። ዘንጉ በዚህ ጊዜ በፍጥነት ሲገፋ የኋለኛው ውታፍ ወደ ፊት እየተጓዘ አየሩን ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ግፊት በፊተኛው ውታፍና በቀርቀሃው ግድግዳ መካከል ያለውን ሰበቃ ያሸነፈ እንደሆነ ውታፉ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ተከማችቶ የነበረው አየር በአንድ አፍታ ሲስፋፋም ድምፁ ይሰማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ይበልጥ የሚደነቀው የኋለኛው ውታፍ አብሮ አለመውጣቱ ነው። ፊተኛው አፍ አጠገብ ሲደርስ ይቆምና ለሚቀጥለው ተኩስ የፊተኛውን ቦታ ይይዛል፤ ስለሆነም ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ አዲስ ውታፍ ብቻ ይበቃል።

ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 በጽሑፍ ያወጣው ሕግ፣ የአየሩ ሙቀት ሳይለወጥ ይዘቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ እንደሚሆን ያስረዳል። የቀዳዳው ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ አየሩ በግማሽ ቢታመቅ፣ ፊተኛውን ውታፍ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 0.8 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር ይቀራረባል፤ ለአንዲት እርጥብ የወረቀት ድቡልቡል ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ዘንጉ በፍጥነት ከተገፋ ደግሞ አየሩ በመታመቁ የሚያገኘውን ሙቀት ለቱቦው ግድግዳ የሚያስተላልፍበት ጊዜ ስለሚያጣ ግፊቱ ከእጥፍም ያልፋል። ቀስ ብሎ መግፋት ተኩሱን የሚያከሽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሙቀቱ ይባክናል፣ አየሩም በጥቃቅን ክፍተቶች ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

ለቱቦው የሚመረጠው በሁለት አንጓዎች መካከል ያለ፣ ቀጥ ያለና ስንጥቅ የሌለው፣ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ነው። ቀርቀሃው በጥላ ሥር በደንብ የደረቀ ሊሆን ይገባዋል፤ እርጥቡ ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ስለሚሰነጠቅ፣ የተለካው ልክ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሚቆረጥበትን ቦታ በፕላስተር ጠቅልሎ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ መቁረጥ ጫፉ እንዳይፈነከት ይረዳል። ከቀርቀሃው ውስጥ ወረቀት የመሰለ ስስ ሽፋን ስላለ፣ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ የማለስለሻ ወረቀት እየተፋቀ ይወጣል፤ ይህ ሥራ አሰልቺ መስሎ ቢታይም ውታፉ ሳይደናቀፍ እንዲንሸራተት የሚያደርገው ከሁሉ በላይ እርሱ ነው።

እጀታው ከዚያው ቀርቀሃ ቀጣይ ክፍል፣ አንጓው ሳይወገድ፣ ይቆረጣል። ዘንጉ በእጀታው ቀዳዳ ገብቶ አንጓው ላይ ስለሚያርፍ ሲገፋ ወደ ኋላ አይሸሽም፤ የእጀታውና የቱቦው ቀዳዳ ስፋታቸው ተመሳሳይ በመሆኑም ዘንጉ በቱቦው መካከል ቀጥ ብሎ ይገባል። ውፍረቱ ከቀዳዳው በጥቂቱ ያነሰ መሆን አለበት፤ ግድግዳውን የሚነካ ዘንግ ጉልበት ይበላል። ከእጀታው ውጭ የሚቀረው የዘንጉ ርዝመት ግን የሥራው ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከቱቦው በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጠረ ከሆነ፣ እጀታው ከቱቦው አፍ ጋር ሲጋጠም የኋለኛው ውታፍ በትክክለኛው ቦታ ይቆማል። ዘንጉ ረዝሞ ከተተወ ሁለቱም ውታፎች ተያይዘው ይወጣሉ፤ ከልክ በላይ ካጠረም የቀረው ውታፍ ቱቦው ውስጥ ርቆ ስለሚቆም የሚታመቀው አየር ያንሳል። የዘንጉን ጫፍ በውኃ አርሶ በድንጋይ ላይ ደጋግሞ በመቀጥቀጥ እንደ ብሩሽ ማፍታታት ውታፉን በእኩል እንዲገፋ ስለሚያደርገው የሚያስመሰግን ዘዴ ነው።

ውታፉ ከጋዜጣ ሲሠራ ወረቀቱ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያም ከቀዳዳው ጥቂት ወፈር ብሎ ይድቦለቦላል። የደረቀ ወረቀት አየር ያሳልፋል፤ ውኃ የሞላው ደግሞ ግፊቱ ገና ሳይጠነክር ተንሸራትቶ ይወጣል። በወረቀት ፈንታ ጠጠር ወይም ጠንካራ ፍሬ መጠቀም አይገባም፤ ወረቀቱም ቢሆን በቅርብ ርቀት ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ሰው ፊት መተኮስ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ልጆች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

የዚህ መጫወቻ ዘመዶች በብዙ አገር ይገኛሉ። በእንግሊዝ ሳምቡከስ ኒግራ የተባለው ዛፍ ቅርንጫፍ፣ በመካከሉ ያለው ለስላሳ ነጭ ሙሌት በቀላሉ ተገፍቶ ስለሚወጣ፣ ለብዙ ዘመን የልጆች ጠመንጃ ሆኖ አገልግሏል፤ ሼክስፒር «ሄንሪ 5ኛ» በተሰኘው ተውኔቱ ይጠቅሰዋል፤ የዕፀዋት መድኃኒት ጸሐፊው ኒኮላስ ካልፔፐርም በ17ኛው መቶ ዓመት ዛፉን በዚህ ጠመንጃ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ስለሚያውቀው መልኩን መግለጽ አያስፈልግም ብሎ አልፎታል። ይሁንና እርጥቡ ቅርንጫፍ ሳያናይድ የሚያመነጩ ውሁዶች ስላሉበት ወደ አፍ ሊደርስ አይገባም። በሕንድ ቻቲስጋር ግዛት በምትገኘው በጃግዳልፑር ከተማ ደግሞ፣ በጎንቻ በዓል ላይ ምእመናን «ቱፕኪ» በተባለ የቀርቀሃ ጠመንጃ የዱር ፍሬ እየተኮሱ ለጃጋናት አምላክ ሠረገላ ክብር ይሰጣሉ።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ግብዓት ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይገኛል። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ዋናው ግንድ ወፍራም ቢሆንም ወደ ጫፉ ያለው ቀጭን ክፍል ለቱቦ ይመቻል፤ የቆላው ዝርያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን በመሆኑ ለቱቦነት አይሆንም፣ ተፍቆና ለስልሶ ግን የማይጎብጥ መግፊያ ዘንግ ይወጣዋል።