ገዳሪፍ «ኢን» ወይስ «አት»?

ከመተማ ተነስቶ ድልድዩን የተሻገረ መንገደኛ ወዲያው ገላባት ይገባል፤ መኪና ከቀናውም ሳይመሽ ገዳሪፍ ይደርሳል። አማርኛ ለዚህ ሁሉ ብዙም አይጨነቅም፤ «ገላባት ገባ»፣ «ገዳሪፍ ደረሰ» ብሎ ያልፋል፤ ካሻው «ወደ»ን ይጨምራል። እንግሊዝኛ ግን ለየግሱ ሌላ ሕግ አለው። ድንበር ተሻገረ ለማለት «ክሮስ» ብቻውን ይበቃል፤ ሱዳን ገባ ለማለት «ኢንተር»ም እንዲሁ። «አራይቭ» ላይ ሲደረስ መስተዋድድ ግድ ይሆናል፤ ለአገርና ለከተማ «ኢን»፣ ለኬላ፣ ለመናኸሪያና ለካምፕ «አት»። ከ«ወደ» ልማድ የሚመጣው «ቱ» እዚህ ቦታ የለውም።

በዚህ አካባቢ የእንግሊዝኛ ደብዳቤና ቅጽ የቆየ ታሪክ አለው። ሱዳን እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር ነበረች። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሱዳን ወደዚያ ተጓዙ። በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ የረሃብ ስደተኞችን ተቀብሎ ነበር፤ ኋላ ተዘግቶ ቆየና በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። ለስደተኞች በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ይኖራል። ለትምህርት ዕድል ወይም ለሥራ የሚጻፈውን ማመልከቻ ግን አመልካቹ ራሱ ይጽፋል፤ እዚያ ላይ «አፕላይ ቱ» የሚለው ጽሑፉ የሚቀርብለትን ተቋም፣ «አፕላይ ፎር» ደግሞ የሚጠየቀውን ዕድል ያመለክታል።

አንዳንዴ ስህተቱ ሰዋስው ከማበላሸት አልፎ ታሪክ ይለውጣል። በሽሽት ከእህቷ የተለያየች ሴት ለቤተሰብ ማፈላለጊያ ስትጽፍ «ሉክ ፎር» ካለች እህቷን እየፈለገች ነው። «ሉክ አፍተር» ብላ ከጻፈች ግን እህቷ አብራት አለች፣ እየተንከባከበቻት ነው ማለት ይሆናል። ፍለጋውን የሚጀምረው ሠራተኛ ማንን እንደሚፈልግ ግራ ይገባዋል።

አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከአማርኛው ነው። «አውቶቡሱን ጠበቀ» የሚል ሰው በእንግሊዝኛም «ዌይት»ን ከአውቶቡሱ ጋር በቀጥታ ያገናኛል፤ መሃል ያለው «ፎር» ይጠፋል። «ሬዲዮ አዳመጠ» የሚለውም የ«ሊስን»ን «ቱ» ይውጣል። በተቃራኒው «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» የሚለው ልማድ «ዲስከስ» ላይ የማያስፈልገውን «አባውት» ይለጥፋል። ትዳር ላይ አማርኛ ራሱ ሁለት መንገድ አለው፤ «አገባት» ብሎ ያሰበ ትክክለኛውን «ሜሪ ሀር» ያገኛል፤ «ከእሷ ጋር ተጋባ» ብሎ ያሰበ ግን «ዊዝ» ያስገባና ይሳሳታል።

የገዳሪፍ ሰው አንድ ተጨማሪ መምህር አለው፤ ዐረብኛ። ይህ መምህር አንዳንዴ ያግዛል፤ አንዳንዴም ራሱ ያሳስታል። የጽሑፍ ዐረብኛ «አዳመጠ»ን «ኢስተመዐ ኢላ» ስለሚል ያን የለመደ ጆሮ «ሊስን ቱ»ን በቀላሉ ይቀበላል። «ናቀሸ»ም እንደ «ዲስከስ» ያለ መስተዋድድ ይሄዳል፤ የአማርኛውን «ስለ» ያርማል። «ኢዕተመደ ዓላ» ደግሞ ከ«ዲፔንድ ኦን» ጋር አንድ ነው። ጋብቻ ላይ ግን «ተዘወጀ ሚን» የሚለው አነጋገር «ፍሮም»ን አስገብቶ ያሳስታል። «ኢንተዘረ»ም እንደ አማርኛው «ጠበቀ» በቀጥታ ስለሚሄድ «ዌይት ፎር» ላይ ሁለቱም ልሳኖች አይረዱም። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ በተለይ መጠንቀቅ ያለበት እንዲህ ሁለቱ የሚስማሙበት ቦታ ነው፤ የሚያስጠረጥረው ነገር የለምና።

ስለዚህ ግሱን ለብቻው መሸምደድ ብዙ አያዋጣም፤ ከነመስተዋድዱና ከነተሳቢው በአጭር ዓረፍተ ነገር መያዙ ይሻላል። ጃፓን ያስተምር የነበረው ሆርንቢ ከባልደረቦቹ ጋር በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ትኩረቱ ይኸው ነበር፤ ለባዕድ ተማሪ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ግሱ በዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሠራም ያሳያል። ይኸው መጽሐፍ በኋላ ኦክስፎርድ ለተማሪዎች የሚያሳትመው መዝገበ ቃላት መነሻ ሆነ።

መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ታዲያ ስሙንና ግሱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። «ዲስከስ» ያባረረው «አባውት» ቃሉ «ዲስከሽን» ሲሆን ተመልሶ ይገባል። «አንሰር»ም ግስ ሲሆን ጥያቄውን በቀጥታ ይይዛል፤ ስም ሲሆን ግን በመሃል «ቱ» ይጠይቃል።