ጊታር በአገር ቅኝት፦ የሰላም ስዩም ጉዞ እና ያልተጻፉ ስሞች

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር፣ ባሕር ዳር ላይ የቀረበ)



ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ማምሻውን በጣና ዳር የሚራመድ ሰው ከአንዱ ቤት ማሲንቆ፣ ከሌላው ደግሞ በድምፅ ማጉያ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ጊታር ይሰማል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን «የእኛ»፣ ሁለተኛውን «የውጭ» ብለን እንለያቸዋለን። የዛሬው ንግግሬ ይህን ክፍፍል በአንድ ሰው የሙያ ሕይወት በኩል ይመረምራል። ሰውየው በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ሰላሚኖ» በመባል የሚታወቁት ጊታሪስት ሰላም ስዩም ወልደማርያም ናቸው።

ጊታር ከመምጣቱ በፊት መንገዱን የጠረጉለት የነሐስ መሣሪያዎች ነበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎችን ላኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት ባንድ ሆኑ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የዚህ ዘር ፍሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ወጣቶች ከወታደራዊው ኦርኬስትራ ውጪ አነስተኛ ባንዶችን ማቋቋም ጀመሩ። ጆሯቸው በአሜሪካ ሶልና ሮክ የተሞላ ነበር፤ ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታርን ከአጃቢነት አውጥቶ ፊት መሪ ያደረገበት ዘመን ነው።

ሰላም ስዩም ስማቸው የተተከለው በአይቤክስ ባንድ ነው። አይቤክስ ማለት ከእኛ በስተሰሜን በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ዋልያ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር፤ ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ ይዘው ነበር። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ያስቀዱት ከዚሁ ባንድ ጋር ነው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታትሞ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለአውሮፓ አድማጭ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ሆነ። በአገር ቤት ግን ዘመኑ የደርግ ነበር። የሰዓት እላፊ በመታወጁ ሙዚቀኞችና ታዳሚዎች በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ አብረው የሚያድሩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ነገሠ። በዚህ የካሴት ዘመን የአይቤክስ አባላት የላሊበላን ጥንታዊ ስም ይዘው «ሮሃ ባንድ» ሆኑ፤ ከማሕሙድ አሕመድ፣ ከአስቴር አወቀ፣ ከኤፍሬም ታምሩና ከሌሎችም ጋር ሠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ጊታር ለእኛ ቅኝት እንዴት ተገዛ?

በክራር ላይ አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለአንድ ድምፅ ይቃኛል። ቅኝት ሲለወጥ ክሩ ይላላል ወይም ይጠብቃል። የጊታር አንገት ግን አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍላል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ቅኝቱን የሚያበጀው በመተው ነው፤ ከ12ቱ አምስቱን ይይዛል፣ ሰባቱን ዝም ያሰኛል።

አስቸጋሪው ኮርድ ነው። የሮክ ጊታር የቆመው እንደ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ባሉ በአንድነት በሚመቱ ድምፆች ላይ ነው። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ይህን ኮርድ ይቀበላል። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ሚ በውስጡ የለችም። ጊታሪስቱ የለመደውን ኮርድ ከመታ አምባሰል ፈረሰ ማለት ነው። መፍትሔው ኮርዱን ትቶ እንደ ክራር በነጠላ ክር መደርደር፣ ወይም ድምፁን እያፈኑ በምት ብቻ ማጀብ ነው። የክራር ተጫዋች በግርፍ ስልት በቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ በግራ ጣቶቹ የማይፈልጋቸውን ያፍናል። የጊታሩ የታፈነ ምትም በችክችካው መካከል የሚሠራው ያንኑ ነው። የሮክ ተጫዋች ክሩን ገፍቶ ድምፁን ሲያንሸራትት ደግሞ የማሲንቆ ጣት ትዝ ይለናል። የዘመኑን ቅጂዎች በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው መሣሪያው የውጭ፣ ቋንቋው ግን የአገር እንደሆነ ይረዳል።

የሰላም ስዩም ሁለተኛ ሥራ ከዚህ አያንስም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንተው፣ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት ላይ ከ1888 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለውን ዘመን የሚሸፍን ጥናት ጽፈዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1988 ቀርቧል። በመድረክ ላይ ቆሞ ታሪኩን የሚሠራ ሰው ቁጭ ብሎ ታሪኩን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አይገጥመንም።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? የካሴት ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ አለ፤ የባንዱ ስምም ሊኖር ይችላል። ጊታሩን ማን መታ፣ ከበሮውን ማን ያዘ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሁላችንም በቃላችን የምናንጎራጉረውን መግቢያ የፈጠሩ ጣቶች ስም አልባ ቀርተዋል። በኋላ ኪቦርድ የሙሉ ባንድን ቦታ ሲወስድ ዕውቀቱም ከሰዎቹ ጋር መሸሽ ጀመረ። ሰላም ስዩም ኑሯቸውን አሜሪካ ካደረጉ ቆይተዋል፤ ጥናታቸው ግን እዚሁ አለ።

እኛም በዚህ ከተማ ተመሳሳይ ዕዳ አለብን። በአዝማሪ ቤቶች ማሲንቆ የሚመቱት፣ በሠርግ ላይ ጊታር የሚያጅቡት ዛሬ በሕይወት አሉ። ቅኝቱን ከማን ተማሩ? ከማን ጋር ተጫወቱ? ተማሪዎቼ ይህን ሄደው እንዲጠይቁና የተጫዋቹን ስም አስቀድመው እንዲጽፉ አደራ እላለሁ። ጥናቱን ማን ይጀምረው የሚል ካለ፣ አንድ ጊታሪስት ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮታል።