ስለ ልብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት አጭር ቃል፥ ስለ «ልብ»፥ እንናገራለን። ልብ ማለት በመጀመሪያ በደረት ውስጥ ሆኖ ደምን ለሰውነት ሁሉ የሚያሰራጨው ሥጋ ነው፤ ሁለተኛም የማሰብና የማስተዋል ኃይል ነው። «ልቡ መታ» ስንል የሥጋውን፥ «ልብ በል» ስንል የአሳቡን እንናገራለን፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

ይህም በአማርኛ ብቻ የተገኘ አይደለም። በግዕዝም ልብ ነው፤ በዕብራይስጥ ሌብ፥ በሱርስት ልባ ይባላል። ከዚሁ ቃል በግዕዝ ለበወ፥ አስተዋለ፤ ለባዊ፥ አስተዋይ፤ ልቡናም ይወጣሉ። ሊቃውንቶቻችን ነፍስን «ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት» ሲሏት የመጀመሪያው ስም ከዚህ የመጣ ነው። እንግዲህ ረቂቂቱ ነፍስ የማስተዋሏን ስም ከግዙፉ ሥጋ ተዋሰች ማለት ነው። ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሰው ናቸውና አይደንቅም።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል ቢሉ፥ ኀዘንተኛውን ለመርዳት ይጠቅመናል። ኀዘን የደረሰበት ሰው «ደረቴን ወጋኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል፥ «ኀዘን ነው፤ ያልፋል» ይባላል። እኛም ካህናት በልቅሶ ቤት ተቀምጠን፥ ያጽናናን መስሎን፥ ይህንኑ ብለናል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የጃፓን ሐኪሞች አንድ የልብ ሕመም ገልጸዋል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከጽኑ ኀዘን ወይም ከድንጋጤ በኋላ ይመጣል፤ የልብ የግራው ክፍል በድንገት ይደክምና ጫፉ ይነፋል። ቅርፁ በአገራቸው የባሕር እንስሳ የሚጠመድበትን ማሰሮ ስለ መሰላቸው «ታኮትሱቦ» አሉት። ይልቁንም በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ይታያል። ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንታት ይድናሉ፤ አንዳንዶቹን ግን ለሞት ያደርሳል። ምልክቱም የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ከሚታየው ጋር አንድ ስለ ሆነ፥ ያለ ሐኪም ምርመራ አይለይም።

ስለዚህ፥ ወገኖቻችን፥ ኀዘንተኛ ደረቴን አመመኝ ቢል «አሳብ ነው» ብለን አንናቀው፤ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሰው። ጸሎቱንና ማጽናናቱንም አናቋርጥ፤ የታመመው አንድ ሰው ነውና በሁለቱም ይረዳ።

የነፍስና የሥጋ መድኃኒት የሆነ አምላካችን አስተዋይ ልቡና፥ የጸናም ልብ ያድለን፤ አሜን።