ስለ መዓዛማ ዘይትና በቤት ውስጥ ስለሚገባው አያያዝ

መልካም መዓዛ ከጥንት ዠምሮ በሰው ዘንድ የተወደደ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ዕጣን ይታጠናል፤ በሰርግ ቤት ሽቱ ይረጫል፤ ቡና በሚፈላበት ስፍራ ጤና አዳም ይቀርባል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። ይህ ሁሉ የቈየ ልማድ ነው። ዛሬ በየመደብሩ በትናንሽ ጠርሙስ እየተሞላ የሚሸጠው መዓዛማ ዘይት ግን፥ ምንም እንኳ ስሙ ከዚያው ከባሕር ዛፉ፥ ከዕጣኑና ከቅርንፉዱ የወጣ ቢሆን፥ ከእነርሱ ጋራ በአንድ ሚዛን የሚመዘን ነገር አይደለም። የሚገዛው ሰው ቅጠሉን ስለሚያውቅ ዘይቱንም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ አደጋውም የሚዠምረው ከዚህ ላይ ነው።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የዚህን ዘይት አወጣጥ ለማስተዋል አይቸገርም። ቅጠሉ ወይም አበባው ወይም ሙጫው በታላቅ ዕቃ ውስጥ ተከቶ የፈላ ውሃ እንፋሎት እንዲያልፍበት ይደረጋል፤ እንፋሎቱም የተክሉን መዓዛ ይዞ በቧንቧ ሲወርድ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ዘይቱም ብዙውን ጊዜ ከውሃው ላይ ተንሳፎ ስለሚገኝ ተቀድቶ ይወሰዳል። ከ100 ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ለ1 ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ደግሞ ከ3000 ኪሎ የማያንስ አበባ ያልቃል። እንግዲህ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ በምትይዝ ጠርሙስ ውስጥ የታሰረው እስከ አንድ ኪሎ የሚደርስ ቅጠል ኀይል ነው። ቅጠሉን በድስት አፍልቶ የታጠነ ሰው ወደ ሰውነቱ የገባው ከዚህ እጅግ ጥቂቱ ነበር።

በ1993 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር በሕፃናት ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ታሪክ ነገሩን ከብዙ ቃል ይልቅ ይገልጠዋል። የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የሚሆን የቅርንፉድ ዘይት ጠጣ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፥ ራሱንም ሳተ፤ ጕበቱ ተጐዳ፤ ደሙም የመርጋት ኀይሉን አጣ። ሐኪሞች ብዙ ደክመው አዳኑት እንጂ ለሞት ቀርቦ ነበር። 5 ሚሊ ሊትር ማለት አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። ያም ቅርንፉድ በሻይ የሚጠጣው፥ ለጥርስ ሕመም የሚነከሰው ነው።

የሌሎቹም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃን ሲጠጣው በሻይ ማንኪያ ልክ እንኳ ድብታና መንዘፍዘፍ ያመጣል። ካፉር ወይም ካምፎር የሚባለው አንድ ግራም ቢዋጥ ትንሽ ልጅ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህም የአሜሪካ መንግሥት በ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በማናቸውም የሚቀባ መድኃኒት ውስጥ ከ100 እጅ 11 እጅ እንዳያልፍ ወሰነ። ለጡንቻ ሕመም የሚታሸው የዊንተርግሪን ዘይት ደግሞ አንዲት የሻይ ማንኪያው ከ20 በላይ የአስፕሪን ክኒን ያህል ኀይል አለው። እንዲህ ያለውን ነገር በሻይ ወይም በማር ጠብ እያደረጉ መጠጣት፥ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያመሰግነው፥ ያለ ሐኪም ፈቃድ የሚደፈር አይደለም። «ከተክል የወጣ ነውና አይጐዳም» የሚለው ንግግር ደግሞ በኢትዮጵያ ሰው ዘንድ ሊሰማ የሚገባው አልነበረም፤ ኮሶም ከዛፍ የሚገኝ ነውና፥ አባቶች ግን መጠኑን ሳይጠይቁ አልጠጡትም።

ለቆዳ የሚሆነውም በብቻው አይቀባም። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 30 ስለ ቅብዐቱ የተነገረውን ካህናት ያስታውሳሉ፤ ከርቤውና ቀረፋው እየተመዘነ በአንድ ኢን የወይራ ዘይት ተዋሕዶ ነበር እንጂ ለብቻው አልቀረበም። ያ ቅመም እንደ ዛሬው ተነጥሮ የወጣ ዘይት አልነበረም፤ የመመዘኑና የመደባለቁ ነገር ግን ለዚህ ይልቁን ያስፈልጋል። ለጐልማሳ ሰው 30 ሚሊ ሊትር በሚሆን የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ያህል ይበቃል፤ ይህም ከ100 እጅ 2 እጅ ነው። ቆዳው ለሳሳ ወይም ለሸመገለ ሰው ግማሹ ይሻላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። ከመቀባትም በፊት ከተደባለቀው ጥቂት በክንድ ውስጠኛ ወገን ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው፤ ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ ይተዋል። ውሃ ለዚህ አይጠቅምም። ዘይት በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ፥ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የተንጠባጠበው እንዳለ መጥቶ በገላ ላይ ይለጠፋል፤ ያቃጥላልም።

ፀሓይም የሚያከፋቸው አሉ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው እጅ ፀሓይ ሲመታው ውሃ ቋጥሮ እንደሚቈስል የታወቀ ነው፤ ከሎሚና ቤርጋሞት ከሚባለው ፍሬ ልጣጭ ተጨምቆ የሚወጣውም ዘይት እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የተቀባው ሰው ያን ቀን ቆዳውን ይሸፍን።

በማሽተት የሚጠቀም ሰው ደግሞ መስኮቱን ከፍቶ ጥቂት ጊዜ ያቈየዋል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስበት አያድርም። አስም ላለበት ሰው መልካሙ ሽታ ራሱ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። የናና ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት በሕፃን አፍንጫ አጠገብ መቀባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጕሮሮው ተኮማትሮ ትንፋሹ ሊቋረጥ ይችላልና። ብዙ እናቶች ይህን የሚያደርጉት ለፍቅር ብለው ነው። በቤት ድመት ካለችም ጕበቷ ይህን ዘይት እንደ ሰው ጕበት ሊያጠፋው ስለማይችል ከእርሷ መራቅ አለበት።

የዕጣን ዘይትና የዕጣን ሙጫ አንድ አይደሉም። ሙጫው በፍም ላይ ይጨሳል፤ ዘይቱ ግን በፍም ላይ ቢንጠባጠብ በነበልባል ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ማናቸውም መዓዛማ ዘይት ከእሳትና ከሻማ ርቆ፥ ብርሃን በማያሳልፍ ጠርሙስ ክዳኑ ጠብቆ፥ ልጅ በማይደርስበት ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ። ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ዘይት አየር ይለውጠዋል፤ በፊት ያልጐዳውን ቆዳ ያን ጊዜ ማሳከክ ይዠምራል። ጽሕፈቱ በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሆነ፥ ጠብታ መቍጠሪያም የሌለው ጠርሙስ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ማድረግ ግን የቤቱ ባለቤት ሥራ አይደለም፤ ዕቃውን የሚፈቅዱት ሹማምንት ሥራ ነው።

በዓይን የገባ እንደ ሆነ በንጹሕ ውሃ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ማጠብ ነው። ልጅ የጠጣ እንደ ሆነ ግን ጣት ከቶ ማስመለስ አይገባም፤ ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ቢገባ የባሰ ሕመም ያመጣልና። ልጁ ደኅና ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የዘይቱን ስምና የጐደለውን ልክ እንዲያይ ጠርሙሱም አብሮ ይወሰዳል።